ፎቁ የወረደበት ዓመት

አሰላ ውስጥ ዛሬ ከእኛ ቤት የሚረዝም ሕንፃ ሞልቷል። ያም ሆኖ ባጃጅ ይዤ «ፎቁ ቤት ጋ አውርደኝ» ካልኩ ሌላ ምልክት የሚጠይቀኝ ሾፌር አልነበረም። ምድር ቤቱ ጥርብ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ዝገት የበላው ቆርቆሮ። በሩ መሐል ላይ ነው፤ መስኮቶቹ ከግራና ከቀኝ እኩል ለእኩል ተቀምጠዋል፤ ከበሩ በላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው መስታወት አለ። ያሠራው አያቴ ነው። የሠራው ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ አርመን አናጢ ነው ይባላል። የአያቴ አባት ከሸዋ ጦር ጋር መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። አያቴ መሬት ወረሰ፤ መሬቱም ቤቱን ሠራ።

እኔ እዚያ ቤት የኖርኩት ከአክስቴ ጋር ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝም እሷ ናት። ባሏ ገና በወጣትነቷ ስለሞተና ልጅ ስላልነበራት ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ እዚያው ቀረች። እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ጠዋት ወጥቼ ማታ ስመለስ አክስቴን ከላይ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ጭላሎን ስታይ አገኛታለሁ። ተራራው በደመና ሲሸፈን እንኳ ወደዚያው ታያለች።

ከታች የሚኖሩት ሌላ ሰው ናቸው። እኔ አዴ ነው የምላቸው፤ በእኛ አካባቢ ትልቅ ሴት የምትጠራው እንዲህ ነው። ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ የእህል ማከማቻ የነበረው ምድር ቤት ትርፍ ተባለና ለቀበሌ ገባ፤ ላይኛው ለእኛ ቤተሰብ ተተወ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዴ ከባላቸው ጋር ተከራይተው ገቡ። ያኔ ገና ሙሽራ ነበሩ ማለት ይቻላል። የውስጡ ደረጃ በሳንቃ ተመትቶ ተዘጋ። ዋናው በር ከምድር ቤቱ ጋር ሄደ፤ እኛ የምንወጣውና የምንወርደው ከጓሮ በኩል በተገጠመ የእንጨት ደረጃ ሆነ። አክስቴ ከዚያ ወዲያ በዋናው በር ገብታ አታውቅም። በፊቱ ስታልፍ እንኳ ወደ መንገዱ ትዞራለች።

ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ሸመገሉ። የአዴ ባል ሞቱ፤ ልጆቻቸው አንዱ አዳማ፣ አንዷ በቆጂ ሄደው ቀሩ። ለቅሶ ሲሆን አክስቴ ወርዳ በረንዳው ላይ ትቀመጣለች፤ እኛ ቤት ለቅሶ ሲሆን አዴ ጓሮ መጥተው ይቀመጣሉ። ከዚያ ውጪ የሚያገናኛቸው እኔ ነበርኩ። አክስቴ የሆነ ነገር ስትፈልግ «ለታችኛዋ ንገሪያት» ትለኛለች። ከሁሉ በላይ የሚያበሳጫት የአዴ አማርኛ ነበር። አዴ አማርኛ የተማሩት ገበያ ላይ ስለሆነ እርስዎ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ቄሱንም ዳኛውንም አንተ ነው የሚሉት። አክስቴ ግን ሆን ብለው የሚያደርጉት ይመስላት ነበር።

ችግሩ የጀመረው መንገዱ ሲሰፋ ነው። መንገድ የሚደለድለው ሮለር በፊታችን በተመላለሰ ቁጥር ላይኛው ወለል ይንቀጠቀጣል፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ። በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ ከጥግ ጀምሮ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ጣት የማያስገባ ነበር። በበልጉ ዝናብ ጊዜ እጄን እስከ አንጓዬ ማስገባት ቻልኩ።

በዚሁ ሰሞን ቅርስ የሚመለከታቸው ሰዎች መጡ። ከመካከላቸው አንዲት ወጣት ሴት ቤቱን ዞር ዞር ብላ አይታ እንዲህ ያለ ቤት በአርሲ ብዙ እንዳልቀረ ነገረችን። ፎቶ አነሱ፤ መስታወቱን አደነቁ፤ ከሚመለከተው ክፍል ፈቃድ ሳይገኝ አንድ ምስማር እንኳ እንዳንመታ አስጠንቅቀው ሄዱ። እኔ ስንጥቁን አሳይቼ ማን ያድሰዋል ብዬ ስጠይቅ ለጊዜው በጀት የለም አለችኝ፤ ማፈሯ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ሳይቆይ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤት አንድ መሐንዲስ መጣ። ላይኛው ቤት ለመንገደኛ አደገኛ ስለሆነ መውረድ አለበት አለ። አንዱ አትንኩት ይላል፤ ሌላው አፍርሱት ይላል። እኔ ከሥራ እየተፈቀደልኝ በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ስመላለስ ክረምቱ ገባ።

አክስቴን ለጊዜው ቤት ተከራይተን እንውጣ ብዬ ለመንኳት። ከሌላ ሰው ቤት ከምሞት ከዚህ ብሞት ይሻለኛል አለችኝ። ተቆጣሁ፤ ከዚያ ደግሞ ተቆጥቼ ወደ ሥራ መሄዴ ከነከነኝ። ዝናብ ሲጥል መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ቆሜ የደንበኛውን ማዘዣ ሁለቴ አነብ ነበር።

በፍልሰታ ጾም መሐል አንድ ቀን እኩለ ቀን ገደማ ስልኬ ጮኸ። አዴ ነበሩ። ከዚያ በፊት ደውለውልኝ አያውቁም። «ኮቱ» አሉኝ፤ ነዪ ማለታቸው ነው። ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ዘጉት።

ስደርስ መንገዱ ላይ ጃንጥላ የያዙ ሰዎች ቆመው ወደ ላይ ያያሉ። የላይኛው ቤት ምሥራቃዊ ጥግ የለም። ጭቃውና ማገሩ ወርዶ አጥሩ ላይ ተከምሯል። ከመንገዱ ሆኖ አልጋችን፣ ቁም ሳጥናችን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአክስቴ ነጠላ ይታያል። ዝናቡ በቀጥታ አልጋዬ ላይ ይወርዳል። ያ ሁሉ ሰው የቤታችንን ጓዳ ሲያይ ማየቱ ከፍርስራሹ ይልቅ አሳፈረኝ።

አክስቴ ታች ነበረች። በአዴ አልጋ ላይ በአዴ ጋቢ ተጠቅልላ፣ እግሯ ባዶውን፣ ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀምጣለች። ምንም አልሆነችም። የሆነውን አዴ ነገሩኝ። ለስግደት ሲታጠቡ ከላይ ሳንቃ ሲሰነጠቅ ሰሙ። ተጣሩ፤ መልስ የለም። ያን የጓሮ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡት። አክስቴ ወለሉ ባዘመመበት ክፍል ውስጥ የማርያምን ሥዕል አቅፋ ቆማ ነበር። ነዪ ቢሏት አልመጣም አለች። እጇን ይዘው ጎተቷት። ጓሮውን ጎርፍ ስለሞላው ዞረው በዋናው በር አስገቧት። ትንሽ ቆይቶ ጥጉ ወደቀ።

ከሰዓት በኋላ መሐንዲሱ መጥቶ ማንም ወደ ላይ እንዳይወጣ ከለከለ። የት እንደምናድር ሲጠይቅ እኔ ክፍል እፈልጋለሁ አልኩ። አዴ ከማድቤቱ ሆነው «እዚሁ ትሆናለች» አሉ። የሚናገሩት ለእኔ ይሁን ለመሐንዲሱ አላወቅኩም። አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግድግዳው ዞረች።

«ይህ ክፍል እኮ የእህል ማከማቻ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ» አሉ አዴ። «ስንዴውን የምናመጣው እኛ ነን። አባቴ አህያ ይነዳል፣ እኔ ከኋላ። እዚያ ጥግ ነበር የሚገለበጠው። አንቺ ከላይ በመስኮት ታያለሽ።»

አክስቴ አላስታውስም አለች። አዴም አንቺ አታውቂኝም ነበር አሏትና ወደ ድስታቸው ተመለሱ።

እኔ ለራሴ እዚያው ሰፈር አንዲት ክፍል አገኘሁ። አክስቴ እሺ ብላ ልትመጣ ስላልፈለገች ከአዴ ጋር ቀረች። በአንድ በኩል እፎይ አልኩ፤ በሌላ በኩል ፈራሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። አክስቴ ጾመኛ ናት፤ በአዴ ብርጭቆ ውሃ እንኳ አልጠጣም አለች። ሥጋ የነካው ዕቃ ነው ብላ እኔ ከክፍሌ ምግብ እያመላለስኩ አበላኋት። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስመጣ አዴ ከገበያ አዲስ ድስት ይዘው ገቡ። አጠቡት፣ ሽሮ ሠሩበት፣ አክስቴ ፊት አኖሩት። አክስቴ ረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ አማትባ በላች። አመስግኚ ብዬ በዓይኔ ብጠቅሳትም አላመሰገነችም። አዴም የጠበቁ አይመስሉም ነበር።

ዝናቡ ሲያበቃ የቅርስ ሰዎችና መሐንዲሱ አንድ ላይ መጡ። ያቺ ወጣት ሴት ላይኛውን ማትረፍ እንደማይቻል አመነች፤ ፊቷ የለቅሶ ነበር። የቀረው የአክስቴ ፈቃድ ነው፤ ላይኛው ቤት በስማችን ስለሆነ ያለ እሷ ፊርማ ሊነካ አይችልም። አክስቴ መሐንዲሱን ባይወርድስ ምን ይሆናል ብላ ጠየቀችው። ዋናው ተሸካሚ እንጨት ወደ ውስጥ እየተንሸራተተ ነው፤ ሲወርድ የምድር ቤቱን ጣሪያ ይዞት ይወርዳል አላት። አክስቴ ወደ ላይ አየች። ከዚያ የአዴን አልጋ አየች። አልጋው በትክክል ከሥሩ ነበር።

«ይውረድ» አለች።

ፈረመች። ብዕሩን መልሳ ሰጠችው።

ማፍረሱ በኅዳር መጀመሪያ እንዲሆን ተቀጠረ። አዴ ቀኑ ሲቃረብ አክስቴ ይህን ማየት የለባትም አሉኝ፤ ሲሬ ያሉት ወንድማቸው ጋ ይዘናት እንሂድ አሉ። አክስቴ እንቢ ትላለች ብዬ ነበር። ጫማዋን አደረገች። ጓሮውንና ከላይ የወረደልንን ዕቃ ለሠራተኞቹ አለቃ አደራ ሰጥተን ሦስታችንም በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን።

አክስቴ ዕድሜዋን ሁሉ ስለ ሲሬ ሰምታ እንጂ ረግጣው አታውቅም። የአያቴ መሬት የነበረው እዚያ ነው። ከከተማው በጋሪ ወጣን። ስንዴው ደርሷል፤ ከሩቅ የሚያጭድ ኮምባይነር ይሰማል። አክስቴ ጋሪው ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ግራና ቀኙን ታያለች። አንድ ጊዜ ብቻ ይህ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አዴ ከዚያች ወንዝ እስከዚያ ጉብታ በማለት በእጃቸው አሳዩ።

የአዴ ወንድም በጣም ያረጁ፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው ናቸው። እንግዳዋ ማን እንደሆነች አዴ በኦሮምኛ ነገሯቸው። ምራታቸው ወተት አቀረበችልን። ሽማግሌው ፊታቸውን አክስቴ ወዳለችበት አድርገው ለእህታቸው ይናገሩ ጀመር። እኔ ቀስ ተብሎ ከተነገረ ኦሮምኛ እሰማለሁ። አዴ ለአክስቴ ሊተረጉሙላት ሲሉ አክስቴ አቋረጠቻቸው። በኦሮምኛ፣ አንድም ቃል ሳይደናቀፋት፣ እየሰማሁ ነው፤ ይቀጥሉ አለቻቸው።

አዴ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። እኔም እንደዚያው። እርግጥ አሰላ ተወልዶ ኦሮምኛ የማያውቅ የለም፤ አክስቴ ግን በቤታችን ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም። አዴም በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አልሰሙም።

ሽማግሌው ቀጠሉ። ቤቱ ሲሠራ ልጅ ነበሩ። የላይኛው ቤት ወለልና ተሸካሚ የሆነው ዝግባ የተቆረጠው ከዚያ ከላይ ካለው ደን ነው፤ ዛሬ አንድም አልቀረም። ግንዱን ጭሰኛው በበሬ እየጎተተ አሰላ አደረሰ፤ ብዙ ቀን ፈጀ። እሳቸው ከበሬዎቹ ኋላ ይሄዱ ነበር። ቁልቁለት ላይ አንዱ ግንድ አምልጦ የአባታቸው እግር ላይ ወጣ። አባታቸው ከዚያ በኋላ ሳያነክሱ አልሄዱም። የእኛ አያት መጥቶ አላያቸውም፤ ግንዱ ግን ደረሰ። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ነው የተናገሩት። በመጨረሻ አባትሽ ክፉ ሰው ነበር አሏት፤ እንደ ስድብ ሳይሆን የማታውቀውን እንደሚነግሯት ዓይነት።

አክስቴ የወተቱን ጣሳ መሬት ላይ አስቀመጠች። አባቷን ትወደው ነበር። ፎቶው በአልጋዋ ራስጌ ነበር የሚኖረው። ትነሳለች ወይም ትመልሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ወደ አዴ ዞረች።

«አንድ ቤት ስንኖር ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ አናገርሽኝ?» አሉ አዴ።

ምራትየዋ ጣሳውን አንስታ ሞላችው። አክስቴ ጠጣች። ስንሄድ ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉላት፤ ይዛው ጎንበስ አለች። ይቅርታ ስለመጠየቋ እርግጠኛ አይደለሁም፤ የተናገረችው በጣም ዝቅ ብሎ ነበር፤ ሽማግሌውም አልመለሱም።

አሰላ ስንደርስ ማፍረሱ አልቆ ነበር። ከምድር ቤቱ በላይ ሰማይ ነበር። የዝግባው እንጨቶች ጓሮ ተደርድረው ነበር፤ ነቀዝ ያልነካቸው፣ ጥቁር፣ ከእኔ ቁመት እጥፍ የሚረዝሙ። አክስቴ በአንዱ ላይ እጇን አሳረፈች። በማግሥቱ ለሲሬው ሽማግሌ ይወሰዱላቸው፣ የእሳቸው ናቸው አለች። አዴ ስልክ ደውለው ጠየቁ። ሽማግሌው ምን ላደርጋቸው፣ እዚያው ይሁኑ አሉ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ሲሬ ከሄድንበት ቀን ይልቅ አዘነች።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ማናችንም አላሰብንም ነበር። ምድር ቤቱ አዲስ ቆርቆሮ ከለበሰ በኋላ አክስቴን መኖሪያዋን ለማስመዝገብ ቀበሌ ይዣት ሄድኩ። ጸሐፊው ጨዋ ልጅ ነው። ፋይሉን አወጣ፣ አገላበጠ፣ ደግሞ አገላበጠ። በእናንተ ስም ያለው ላይኛው ቤት ነው አለን፤ ላይኛው ቤት ደግሞ ፈርሷል። ምድር ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ተከራይዋ ሌላ ሰው ናቸው። እና እኛስ አልኩት። እንግዲህ ተከራይዋ ፈቃደኛ ከሆኑ እንደ ደባል ይመዘገባሉ አለ። ደባል የሚባለው ሰው ቤት ተጠግቶ የሚኖር ነው። አክስቴ የሰማች አልመሰለችኝም። ከቢሮው ስንወጣ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቃሉን ደጋግማ አለችው።

አዴ ስንነግራቸው በጣም ተቆጡ። እሳቸውም ቀበሌ ሄደው ቤቱ የማን እንደሆነ አገር ያውቃል ብለው ተከራከሩ። ጸሐፊው ሕጉን አሳያቸው። በመጨረሻ አዴ ፈቃደኛ ነኝ ብለው የጣት አሻራቸውን ሰጡ፤ አክስቴ በተወለደችበት ቤት በእሳቸው ደባልነት ተመዘገበች። እኔ አቤቱታ አስገብቻለሁ። ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እየዞርኩ ነው፤ እስካሁን የተቆረጠ መልስ አላገኘሁም። ያቺ የቅርስ ሠራተኛ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውራለች።

አክስቴ ከስታለች። አንዳንድ ቀን ስሄድ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አገኛታለሁ። ጭላሎ ከምድር ቤቱ መስኮት አይታይም፤ አጥሩና ባጃጆቹ ብቻ ናቸው የሚታዩት። የአባቷን ፎቶ እስካሁን ከሻንጣ አላወጣችውም። አስቀምጪልኝም ጣይልኝም አላለችኝ። አንድ ጊዜ ልስቀለው ወይ ብላት ይህ የሴትዮዋ ቤት ነው አለችኝ።

ግን ከአዴ ጋር ይነጋገራሉ። በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት፤ በፍጥነት ስለሆነ ግማሹ ያመልጠኛል። ስገባ ዝም የሚሉበት ጊዜ አለ። ባለፈው እሑድ ግን ከበሩ ውጪ ጀምሮ ድምፃቸው ይሰማ ነበር፤ ተጣልተው ነበር። አዴ እንጨቶቹ በሚቀጥለው ክረምት ይበሰብሳሉ፣ ተፈልጠው ማገዶ ይሁኑ ይላሉ። አክስቴ አይነኩም ትላለች። ሰው ያን ያህል የለፋበት እንጨት እንዴት ምድጃ ውስጥ ይገባል ትላለች። አዴ የእኔ አባት ናቸው የሠሩበት፣ እኔ ማገዶ ይሁን ካልኩ ይሆናል ይላሉ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው ፍረጂ አሉኝ። ቦርሳዬን ሳላወርድ ዳቦ ገዝቼ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ገና እየተከራከሩ ነበር።